ድንጋይ እግሩን አይዘረጋም፦ ስለ ታዳጊዎች የኳስ ሥልጠና ለተጻፈው ጽሑፍ ምላሽ

ሰሞኑን ስለ ታዳጊዎቻችን እግር ኳስ የተጻፈ ረዘም ያለ ጽሑፍ ከስልክ ወደ ስልክ ሲዞር ሰነበተ። ለእኔ ብቻ ከአራት ሰው ደርሶኛል። ከአራቱ ሁለቱ ቅዳሜ ቅዳሜ ልጆቻቸውን እኔ ወደማሠለጥንበት ሜዳ የሚልኩ ወላጆች ናቸው። አንዲት እናት ጽሑፉን ሲልኩልኝ ከሥሩ «ታዲያ እናንተ ልጆቹን በየሳምንቱ የምታጫውቷቸው ለምንድን ነው?» ብለው ጠየቁኝ። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ይህን የምጽፈውም ለእርሳቸውና እንደ እርሳቸው ግራ ለገባቸው ወላጆች ነው። የጽሑፉን ባለቤት ስም አልጠቅስም። የቀድሞ ተጫዋች ናቸው፤ ለኳስ ያላቸው ፍቅር ከየመስመሩ ይነበባል፤ ሙግቴም ከሐሳባቸው ጋር እንጂ ከእርሳቸው ጋር አይደለም።

የሚሉትን ሳላዛባ ላስቀምጥ። የልጆቻችን የኳስ ችሎታ ወርዷል፤ ምክንያቱ ደግሞ ሳይሠለጥኑ መጫወት መጀመራቸው ነው ይላሉ። ፊደል ያልቆጠረ ልጅ ዳዊት እንደማይደግም ሁሉ፣ ኳስ ማቆም፣ መንዳትና ማቀበል ተጋጣሚ በሌለበት ልምምድ ፍጹም እስኪሆንለት፣ እስከ 13 ዓመቱ ድረስ፣ ልጁ ጨዋታ ውስጥ መግባት የለበትም። ለዚህ የሚያስፈልገው 10,000 ሰዓት መሆኑ በሳይንስ ተረጋግጧል። መጫወት ሲጀምር ግን በሙሉ ሜዳ፣ በትልቁ ኳስ፣ አሥራ አንድ ለአሥራ አንድ ይሁን፤ ለዋናው ነገር ከወዲሁ ይልመድ። ሜዳውም ገንዘቡም ጥቂት ስለሆነ ልጆቹ 10 ዓመት ሲሞላቸው ምርጦቹ ይለዩ። የመጨረሻው ነጥባቸው ኢትዮጵያዊ ተጫዋች ቴክኒክ በተፈጥሮው አለው፣ የጎደለው ጉልበት ብቻ ነው የሚል ነው።

ከመጀመሪያው ልነሣ፤ ሌሎቹ ሁሉ የቆሙት በእርሱ ላይ ነውና።

አስቀድሜ የምቀበለው ነገር አለ። ድግግሞሽ ያስፈልጋል። የአምስትና የስድስት ዓመት ልጅ ከኳሱ ጋር ብቻውን የሚላመድበት ጊዜ ማግኘት አለበት፤ በእግሩ ውስጠኛ ጎን፣ በውጭኛው፣ በጫማው ሥር ይንካት፤ ግራውንም ቀኙንም ይሞክር። እ.ኤ.አ. በ1974 ከፌይኖርድ ጋር የዩኤፋ ዋንጫን ያነሣው ሆላንዳዊው አሠልጣኝ ቪል ኩርቨር የታላላቅ ተጫዋቾችን አብዶ እየነጣጠለ ለልጆች የሚያስተምር ዘዴ አበጅቶ ነበር፤ ዘዴው ዛሬም በብዙ አገር ይሠራበታል። እኔም የልምምዳችንን የመጀመሪያ 15 ደቂቃ የምሰጠው ለዚሁ ነው። ከግድግዳ ጋር ኳስ የሚቀባበል ልጅ ካየሁም ደስ ይለኛል። ከጸሐፊው የምለየው ከ15ኛው ደቂቃ በኋላ ባለው ነው።

ባለፈው ዓመት አንድ የ11 ዓመት ልጅ መጣልን። አባቱ ግቢ ውስጥ ለሁለት ዓመት ያህል በትጋት አሠልጥኖታል። ኳስ ማንቀርቀብ ሲጀምር ሌሎቹ ልምምዳቸውን ትተው ቆመው አዩት፤ መቶ ሲያልፍ መቁጠር ተዉ። በተደረደሩ ድንጋዮች መካከል ሲነዳ ኳሷ ከእግሩ በክር የታሰረች ትመስል ነበር። ከዚያ አራት ለአራት አጫወትናቸው። የመጀመሪያዋ ኳስ ስትመጣለት አሳምሮ አቆማት፤ ዓይኑ ግን ኳሷ ላይ ነበር፤ ቀና ሲል ሌላ ልጅ ይዟት ሄዷል። ሁለተኛዋም እንደዚያው ሆነች። ሦስተኛዋን ለማን እንደሚሰጥ ሲያስብ ተነጠቀ። ከዚያ በኋላ የደረሰችውን ኳስ ሁሉ ሳያቆም ወደ ውጭ መጠለዝ ጀመረ። ልምምዱ ሲያልቅ አባቱ አጠገብ ሆኖ ጫማውን ሲፈታ ዓይኖቹ እንባ አቅርረው ነበር።

ያ ልጅ ሰነፍ አልነበረም፤ አባቱም አላጠፉም። የተማረው ነገር ግን ግማሽ ነው። ድንጋይ ከቦታው አይነቃነቅም፤ እግሩን ዘርግቶ ኳስ አይነጥቅም፤ ወደ ግራ ልትሄድ መሆኑን ከትከሻህ አያነብም። በድንጋይ መካከል መንዳት የተማረ ልጅ እንዴት እንደሚነካ ያውቃል፤ መቼና ወዴት እንደሚነካ ግን ማንም አልጠየቀውም። ጨዋታ ላይ ደግሞ እነዚህ ሁለቱ ተነጣጥለው አይመጡም። ኖርዌያዊው ተመራማሪ ጌይር ዮርዴት በእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ አማካዮች ላይ ያደረጉት ጥናት ያሳየው ይህንኑ ነው፤ ኳስ ሳይደርሳቸው በፊት አንገታቸውን እያዞሩ ደጋግመው ዙሪያቸውን የሚያዩት ተጫዋቾች ቅብብላቸው ይበልጥ ይሳካል። እኛ በቴሌቪዥን «እንዴት ቆንጆ አቆማት» የምንለው ንክኪ የተዘጋጀው ኳሷ ከመድረሷ በፊት በተደረገ ማየት ነው። ተጋጣሚም ጓደኛም በሌለበት ግቢ ውስጥ ልጁ ምን ይይ?

ጸሐፊው ምሳሌያቸውን ከየኔታ ትምህርት ስለወሰዱ እኔም ወደዚያው ልሂድ። ፊደል መቁጠሩ እውነት ነው። ነገር ግን ከንባብ አልፎ ቅኔ ቤት የገባ ተማሪ እንዴት እንደሚማር እናስታውስ። የሚጀምረው ከጉባኤ ቃና ነው። ጉባኤ ቃና ሁለት ቤት ብቻ ያላት አጭር ቅኔ ናት፤ አጭር ትሁን እንጂ ሙሉ ቅኔ ናት፤ ሰምም ወርቅም አላት። ተማሪው ራሱ ቅኔውን ቆጥሮ፣ ማለትም አዲስ ቅኔ ደርሶ፣ ለመምህሩ ይነግራል፤ ይታረማል፤ በማግስቱ ሌላ ይቆጥራል። ከዚያ ሦስት ቤት ወዳለው ዘአምላኪየ ይሻገራል፤ እንዲህ እያለ እስከ ስምንት ቤቱ መወድስ ያድጋል። ግሱንና አገባቡን የሚያጠናው ከዚህ ጎን ለጎን ነው። አባቶቻችን ቅኔን ለጀማሪ ሲያስተምሩ አሳንሰው ሰጡት እንጂ በጣጥሰው አልሰጡትም። ሦስት ለሦስት የሚጫወት ልጅም እንዲሁ ነው፤ ጓደኛ አለው፣ ተጋጣሚ አለው፣ የሚያገባበትና የሚከላከለው ጎል አለው፣ መወሰን አለበት። ኳስ በጉባኤ ቃናዋ ማለት ይህ ነው።

ደግሞም ጸሐፊው በመግቢያቸው ላይ የገዛ ልጅነታቸውን በናፍቆት ያነሣሉ፤ ካልሲ ውስጥ ጨርቅ ጠቅጥቀው፣ በክር አስረው፣ ሁለት ድንጋይ ጎል አድርገው ጀምበር እስክትጠልቅ ይጫወቱ እንደነበር ይነግሩናል። ያንን ገጽ ሁለት ጊዜ አነበብሁት፤ የእኔም ልጅነት ነውና። ግን አንድ ነገር ልጠይቃቸው። ያኔ እስከ 13 ዓመትዎ ከጨዋታ የከለከለዎት ማን ነበር? የጨርቅ ኳስ አትነጥርም፤ እግር ሥር ትቀራለች፤ መንገዱ ጠባብ ነው፤ ትልልቆቹ ልጆች ይገፋሉ። በዚያ ጥበት ውስጥ ነው እግርዎ የተማረው። የብራዚል ልጆች ያደጉበት ፉትሳልም ከዚህ ብዙ አይርቅም፤ አምስት ለአምስት ነው፤ ኳሱ ከሙሉው ያነሰና ሆን ተብሎ ብዙ እንዳይነጥር የተሠራ ነው። ጽሑፉ የሚያዝነው ለጠፋው የሰፈር ጨዋታ ሆኖ ሳለ፣ የሚያዝዘው መድኃኒት ያንኑ ጨዋታ የሚከለክል ነው።

ስለ 10,000 ሰዓት ብዙ ማለት አያስፈልግም። ቁጥሩ የመጣው ስዊድናዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ አንደርስ ኤሪክሰንና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ1993 ካሳተሙት፣ በርሊን ውስጥ ቫዮሊን በሚማሩ ወጣቶች ላይ ከተደረገ ጥናት ነው። ምርጥ የተባሉት ተማሪዎች 20 ዓመት ሲሆናቸው የደረሱበት አማካይ ነው፤ አማካይ ማለት ደግሞ ከዚያ በታች ሆነው ምርጥ የሆኑም ነበሩ ማለት ነው። ኤሪክሰን ራሳቸው ቁጥሩ እንደ ሕግ መወሰዱን ተቃውመዋል። ወላጆች ሒሳቡን በቤታቸው ሊሠሩት ይችላሉ፤ ልጁ በ5 ዓመቱ ጀምሮ በ13 ዓመቱ 10,000 ሰዓት እንዲሞላ አንድም ቀን ሳያርፍ በየቀኑ ወደ ሦስት ሰዓት ተኩል መለማመድ አለበት። ትምህርት ቤት የሚውል ልጅ ነው። ቫዮሊን የሚይዝ ሰው ደግሞ ቫዮሊኑን ሊነጥቀው የሚሮጥበት የለም።

ወደ ሜዳው ልለፍ። ልጆች ከመጀመሪያው ለትልቁ ጨዋታ ይልመዱ የሚለው ለጆሮ ይጥማል፤ እኔም ሥራውን ስጀምር እንደዚያው አስብ ነበር። አንድ ቀን አንዱን የመስመር ተጫዋቻችንን ብቻ ለማየት ወሰንሁ፤ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። ሙሉ ሜዳ ላይ፣ አሥራ አንድ ለአሥራ አንድ። በሩብ ሰዓት ውስጥ ኳስ ሦስት ጊዜ ነካ፤ አንዱ የእጅ ውርወራ ነው። የቀረውን ጊዜ እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ ቆሞ አሳለፈው። ያን ዕለት ማታ እናቱ «ዛሬ ምን ተማርክ?» ብለውት ከሆነ ምን እንደመለሰ እንጃ።

105 በ68 ሜትር የሆነ ሜዳ ለ22 ሰው ሲከፈል ለእያንዳንዱ ከ320 ካሬ ሜትር በላይ ይደርሰዋል። ለአዋቂ ልክ ነው፤ ለዘጠኝ ዓመት ልጅ ግን ሜዳ ሳይሆን በረሃ ነው። ጎሉ 7 ሜትር ከ32 ስፋትና 2 ሜትር ከ44 ከፍታ አለው፤ በረኛው ልጅ እጁን ቢዘረጋ አግዳሚውን አይነካም። እናም ልጆቹ ብልጥ ናቸውና ወዲያውኑ አንድ ነገር ይማራሉ፤ ከሩቅ ከበረኛው አናት በላይ መጠለዝ ጎል ይሆናል። ቅብብል፣ አብዶ፣ ቀና ብሎ ማየት ምን ያደርግላቸዋል? ትልቁ ኳስም ከ410 እስከ 450 ግራም ይመዝናል፤ ለልጅ እግር የሚሆኑ 3 እና 4 ቁጥር ኳሶች የተሠሩት በምክንያት ነው።

ይህ የእኔ ፈጠራ አይደለም። እንግሊዞች ከሰባትና ከስምንት ዓመት በታች የሆኑትን አምስት ለአምስት፣ ዘጠኝና አሥሮቹን ሰባት ለሰባት፣ አሥራ አንድና አሥራ ሁለቶቹን ዘጠኝ ለዘጠኝ ሲያጫውቱ ቆይተዋል፤ አሥራ አንድ ለአሥራ አንድ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ጀርመን እ.ኤ.አ. በ2018ም በ2022ም ከዓለም ዋንጫ ምድብ ማለፍ አቅቷት የተመለሰች አገር ናት፤ ከ2024/25 የውድድር ዘመን ጀምሮ ትንንሾቹ ልጆች በመላ አገሪቱ ሁለት ለሁለትና ሦስት ለሦስት በትንንሽ ጎሎች እንዲጫወቱ ግዴታ አድርጋለች። ሐሳቡን አስቀድሞ ካስፋፉት አንዱ ከሜዳ ሆኪ የመጣው ጀርመናዊው ሆርስት ቫይን ነበር፤ በእርሱ ጨዋታ ሦስት ለሦስት ሆነው በእያንዳንዱ ጫፍ ሁለት ሁለት ጎል ይቆማል። የሁለት ጎል ጥቅሙ አንዱ ሲዘጋ ሌላው ክፍት መሆኑ ነው፤ ልጁ ቀና ካላለ አያየውም።

እኛ ሜዳ ላይ ይህ የሚጠይቀው ስምንት ድንጋይ ብቻ ነው። ባለፈው ወር አንዲት የዘጠኝ ዓመት ልጅ ወደ ቀኙ ጎል እየነዳች ሄደች። ሁለት ልጆች መጥተው ዘጉባት። ኳሷን በጫማዋ ሥር ወደ ኋላ ጎተተቻት፤ በሌላው እግሯ ገፋ አድርጋ ዞረች፤ ግራው ጎል ባዶ ነበር፤ አገባች። ያንን መዞር ማንም አላሳያትም። እንዴት እንዳደረገችው ብጠይቃት «ያኛው ክፍት ነበር» አለችኝ፤ እኔ የጠየቅኋት ስለ እግሯ ነበር፤ እርሷ የመለሰችልኝ ግን ስላየችው ነገር ነው።

ሜዳ የለንም የሚለውን ቅሬታቸውን በሙሉ ልብ እጋራለሁ። ልጆች ይጫወቱባቸው የነበሩ ክፍት ቦታዎች በየሰፈሩ ግንብ ሆነዋል፤ የቀረንን ልናስከብር ይገባል። ነገር ግን ሜዳ ካነሰን መልሱ ለ22 ልጅ ብቻ ማዋሉ እንዴት ይሆናል? ያው ሙሉ ሜዳ 26 በ34 ሜትር በሆኑ ስምንት ቦታዎች ይከፈላል። በየቦታው አራት ለአራት ቢጫወቱ 64 ልጆች በአንድ ጊዜ ይጫወታሉ፤ የሚንከባለሉት ኳሶችም ስምንት ናቸው።

በ10 ዓመት መምረጥ የሚለውን ነጥብ ሳነብ ደነገጥሁ። ኋላ የእንግሊዝ ብሔራዊ ቡድን አምበል የሆነው ሃሪ ኬን በስምንት በዘጠኝ ዓመቱ ከአርሰናል ተሰናብቷል። ጄሚ ቫርዲን ሼፊልድ ዌንስዴይ በ16 ዓመቱ አሰናብቶት፣ በዝቅተኛ ሊጎች ሲንከራተት ቆይቶ እ.ኤ.አ. በ2016 ከሌስተር ጋር የእንግሊዝ ሻምፒዮን ሆነ። አንቷን ግሪዝማንን የፈረንሳይ ክለቦች አጭር ነህ፣ ቀጭን ነህ እያሉ መልሰውታል፤ ስፔን ሄዶ አደገ፤ እ.ኤ.አ. በ2018 የዓለም ዋንጫን ለፈረንሳይ አነሣ። እነዚህ የዳበረ የምልመላ ሥርዓት ባላቸው አገሮች የተፈጸሙ ስሕተቶች ናቸው። በእኛ አገር ደግሞ የልደት ወረቀት ራሱ የሚያከራክር ነው። ፊፋ እ.ኤ.አ. በ2009 ከ17 ዓመት በታች የዓለም ዋንጫ ላይ የእጅ አንጓ ኤምአርአይ ምርመራ የጀመረው በዚሁ በዕድሜ ችግር ምክንያት ነው። በ10 ዓመት «ምርጥ» ብለን የምንለየው ልጅ አብዛኛውን ጊዜ 12 ዓመት የሞላው ወይም ቀድሞ የገዘፈው ነው። የምንሸኘው ደግሞ ጉልበት ስለሌለው በእግሩና በዓይኑ መላ መፈለግ የጀመረውን ልጅ ነው፤ ጸሐፊው የሚፈልጉትን ልጅ ማለት ነው።

አሁን ወደ ጉልበቱ። ይህ አባባል በጸሐፊው ብቻ አልተጀመረም፤ ብሔራዊ ቡድናችን በተሸነፈ ቁጥር በየሬዲዮኑ የምንሰማው ነው፤ «ኳሱን ይችሉበታል፣ ጉልበት ነው ያጣነው»። ስለዚህ ትንሽ ልቆይበት።

በመጀመሪያ ይህ ነጥብ ከራሱ ከጽሑፉ መነሻ ጋር አይስማማም። ቴክኒክ በተፈጥሮ ካለን ልጆቹን እስከ 13 ዓመት ለቴክኒክ ልምምድ መዝጋት ለምን አስፈለገ? ችሎታው ወርዶ ከሆነ ደግሞ በተፈጥሮ የተሰጠ አይደለም ማለት ነው። ከሁለቱ አንዱን መምረጥ አለባቸው።

ወደ ታሪካችን እንሂድ። ጥር 1954 ዓ.ም አዲስ አበባ ላይ የአፍሪካን ዋንጫ ስናነሣ፣ ግብፅን 4 ለ 2 ያሸነፍነው በመደበኛው ሰዓት 2 ለ 2 ተለያይተን በጭማሪው ሰዓት ነው። ኢታሎ ቫሳሎና መንግሥቱ ወርቁ የመጨረሻዎቹን ሁለት ጎሎች ያገቡት ሌሎች እግራቸው በሚዝልበት ሰዓት ነበር። የአዲስ አበባ ከፍታ እንደረዳን አልክድም። ለ31 ዓመት ከራቅንበት የአፍሪካ ዋንጫ በተመለስንበት በጥር 2005 ዓ.ም፣ የአሠልጣኝ ሰውነት ቢሻው ቡድን በመጀመሪያው አጋማሽ በረኛው በቀይ ካርድ ወጥቶበት፣ በ10 ሰው ሆኖ ከወቅቱ ሻምፒዮን ከዛምቢያ ጋር 1 ለ 1 ወጣ፤ አዳነ ግርማ ያገባት ጎል ገና ከዓይናችን አልጠፋችም። በጉልበት ብንበለጥ ኖሮ የሚያደቅቁን ያን ቀን ነበር። በቀጣዩ ጨዋታ ቡርኪና ፋሶ 4 ለ 0 አሸነፈችን፤ ከአራቱ ጎሎች ሦስቱ የገቡብን እርሷ በ10 ሰው ከቀረች በኋላ ነው። አንድ ሰው በልጠን ሳለን ሦስት ጎል የገባብን ጉልበት አንሶን ነው ቢባል ለማመን ይቸግራል። ሰኔ 2014 ዓ.ም ደግሞ በሜዳችን መጫወት ተከልክለን ማላዊ ውስጥ ሊሎንግዌ ላይ ግብፅን 2 ለ 0 አሸነፍን። ሳላህ እንዳልነበረ አውቃለሁ። ቢሆንም የእኛ ልጆች ቁመትና ክብደት በዚያ ምሽት አልተለወጠም።

«ጉልበት» የምንለው ነገር ምን እንደሆነም እንመርምር። ቡድናችን 70ኛው ደቂቃ ላይ ሲዝል እናያለን፤ እውነት ነው። ግን ለምን ዛለ? ጫና ሲመጣበት ኳስ የሚያስነጥቅ ቡድን የተነጠቀውን ለማስመለስ ይሮጣል፤ ሲያገኝ ተቻኩሎ መልሶ ይሰጣል፤ እንደገና ይሮጣል። የመጀመሪያ ንክኪው ግማሽ ሜትር የራቀችበት ተጫዋች ያቺን ግማሽ ሜትር በትከሻው ተጋፍቶ ማስመለስ አለበት፤ በትከሻ ሲበለጥ «ጉልበት አነሰው» እንላለን። ጥፋቱ ግን ትከሻው ላይ አልነበረም። የስፔን አማካዮች ዣቪና ኢኒዬስታ ቁመታቸው አንድ ሜትር ከሰባ አካባቢ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2010 የዓለም ዋንጫን ሲያነሡ የገጠሟቸው ግዙፋን ትከሻቸውን ለማግኘት እንኳ አልደረሱም። «ቴክኒክ አለን» የምንለው፣ ተጋጣሚ ራቅ ብሎ ሲቆም የምናሳየውን ቅብብል ዓይተን ከሆነ፣ ያ ልክ ግቢ ውስጥ ከመቶ በላይ ያንቀረቀበው ልጅ ነው።

የምግብና የአካል ብቃት ጉዳይ ችላ ይባል እያልሁ አይደለም። ባዶ ሆዳቸውን ልምምድ የሚመጡ ልጆች አሉኝ፤ ይህ እግር ኳስን የሚጎዳ ከመሆኑ በፊት በራሱ የሚያሳዝን ነው። ከጉርምስና በኋላ የጡንቻ ሥራም የግድ ነው። ጸሐፊው አሠልጣኞች ከሜዳ ዳር ሆነው ልጆች ላይ መጮኻቸውን የነቀፉበት አንቀጽም ከጽሑፉ ሁሉ የተሻለው ነው፤ ለባልደረቦቼ አንብቤላቸዋለሁ።

ለጠየቁኝ እናት መልሴ ይኸው ነው፤ ልጅዎን የምናጫውተው ሥልጠናው እርሱ ራሱ ስለሆነ ነው። ለጸሐፊውም አንድ ሐሳብ አለኝ። አንድ ቅዳሜ መጥተው አንድ ልጅ ይምረጡ። ሩብ ሰዓት በሙሉ ሜዳ፣ ሩብ ሰዓት በሦስት ለሦስት እናጫውተው። እርስዎ ኳስ የነካበትን ይቁጠሩ፤ እኔ ኳስ ሳትደርሰው ቀና ብሎ ያየበትን እቆጥራለሁ። ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ተኩል እንጀምራለን፤ ድንጋዮቹን የሚደረድሩት ልጆቹ ናቸው።